ያለ ሁለት ሰው የማትነሳ ጂፕ

«እግዜር ያጥናህ ከይረዲን። አይዞህ፣ ወንድምህን አጣህ።»

ቸሩ ይህን ሲሰማ ከጠዋት ጀምሮ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ እንጃ። የሟች የእናት ልጅ እሱ ሆኖ ሳለ፣ ለቀስተኛው ከሸራው ሥር ጎንበስ ብሎ እንደገባ የሚወድቀው ከይረዲን ትከሻ ላይ ነው። አልቅሶ ሲበቃው ዘወር ይልና «አንተንም ያጥናህ» ብሎ ለቸሩ እጁን ይዘረጋል። በገዛ ወንድም ሞት ሁለተኛ መውጣት ለማንም አይደርስም፤ ለቸሩ ደረሰው።

የፍስሐ ሰልስት ነው። ፍስሐ በኤርትራ ጦርነት ዓመት የአገር ቤት ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ሲዞር ከከባድ መኪኖቹ ጋር መጥቶ የቀረ መካኒክ ነበር። ካርቲየ ሲስ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር በከፈታት ትንሽ ጋራዥ፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት መፍቻ ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለች። ሚስት አላገባም፣ ልጅ የለውም። ያለው ተሳቢ የሚነዳ ታናሽ ወንድሙ ቸሩና አንዲት አሮጌ ጂፕ ነበሩ። ጓደኛው ከይረዲንም ነበር፤ ቸሩ ግን ዘመድ ሲቆጥር እሱን አያስገባም።

የዕድሩ ዳኛ ጋሼ ኃይለማርያም ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«አገር ቤት ቢሆን» አሉ፣ «ይሄኔ የፍስሐ ፈረስ ተጭኖ ለቅሶው መሀል ይወጣ ነበር። እዚህ ፈረስ የለንም። ጂፗ ግን ፈረሱ ነበረች። ትውጣለትና እንላቀስባት። ማን ያውጣት?»

ዓይን ሁሉ ወደ ከይረዲን ዞረ። ቸሩ ከተቀመጠበት ተስፈንጥሮ ተነሳ።

«የማነው ወንድሙ? እኔ አወጣታለሁ።»

ጂፗን መጀመሪያ ያገኛት ራሱ ቸሩ ነበር። ከከተማዋ ዳር፣ ከበልበላ ሰፈር ወዲያ፣ ከአንድ ቁራሌ ግቢ አጥር ሥር፣ ጣራዋ የሸራ፣ በሮቿም የሸራ፣ ፈረንሳዮች በረሃ ለበረሃ ሲነዷት ኖረው የጣሏት አሮጌ መኪና። ለወንድሙ ያሳየው ለቀልድ ነበር። «ይቺ እንኳ ዶሮ ታሳድራለች» አለው። ፍስሐ አልሳቀም፤ ሁለቴ ዞራት፣ ዝገቷን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገና ሳይከራከር ገዛት። «አብረን እንሠራታለን ቸሩዬ» አለ። ቸሩም የልብ ልብ ተሰማው።

የተሳቢ ሾፌር ግን ሦስት ቀን እዚህ፣ አሥር ቀን መንገድ ላይ ነው። በሄደና በተመለሰ ቁጥር ጂፗ አንድ ነገር ጨምራ ያገኛታል፣ ከጎኗም ወደብ የሚሠራው በያጅ ከይረዲን አለ። ወለሉን ከይረዲን በየደው። ሸራውን ከይረዲን ለክቶ አሰፋው። ወንድሙ ሳይቀር «እኛ» ሲል ከይረዲንንና ራሱን ማለቱ ሆነ። ቸሩን ይህቺ «እኛ» የምትባል ነገር እንደ እሾህ ወጋችው።

በመጨረሻ የጎደላት ካርቡራተር ብቻ ነበር። ፍስሐ ቸሩን ላከው። ቸሩም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራን ሦስት ቀን አስሶ አገኘላት። ዕቃውን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ከመቀመጫው ኋላ ሸጉጦ፣ ጅቡቲ እስኪደርስ በደስታ ሲያፏጭ መጣ። ጋራዡ በር ላይ ሲደርስ ሁለቱ መኪናዋ ሥር ተጋድመው ይሳሳቃሉ። ተጣራ፤ አልሰሙትም። ደግሞ ተጣራ። ሳቃቸው ባሰ። ያኔ የቅናት ዛሩ ተነሳበትና ዕቃውን ከነፎጣው ወደ መኪናው መለሰው። ማታ ወንድሙ ሲጠይቀው «አጣሁት፣ ከምድር ጠፍቷል» አለ። በመልስ ጉዞው አዋሽ ላይ ለአንድ መካኒክ በነጻ ሰጠው። ይህን ለማንም ተናግሮት አያውቅም።

አሁን ጂፗ መሪ ላይ ተቀምጧል። ቁልፉን አዞረ። ጂፗ ጉርር ብላ ዝም አለች። ደገመ። ዝም። ሃያ ዓመት ተሳቢ የነዳ ሰው፣ ቁና ቁና እየተነፈሰ፣ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት ላብ አጠመቀው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ማለት ይሄ ነው። ፈረንሳዮች ቤት ተቀጥራ የምትሠራው የውብዳር፣ ለዛሬ ከእመቤቷ ፈቃድ አግኝታ የመጣች አልቃሽ፣ የነገሩን መንስኤ አላወቀችም፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሙሾዋን አወረደችው፦

ሣር የማትግጠዋ ያሳደግካት ፈረስ፣
ጌታዋ ሳይመጣ እንዴት ትንቀሳቀስ።

ለቅሶው ድብልቅልቁ ወጣ። ቸሩ ግንባሩን መሪው ላይ ሊደፋ ሲል የሞተሩ ክዳን ሲከፈት ሰማ። ከይረዲን ነበር። እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና «አሁን ሞክራት» አለው በቀስታ። ቸሩ ቁልፉን አዞረ። ጂፗ ተነሳች።

ሰዉ ከበባት፣ እየዳሰሰ አለቀሰባት። ፀሐይ ሲበረታና ሰዉ ወደ ጥላው ሲመለስ፣ ቸሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

«ምን አድርገህ ነው ያስነሳሃት?» አለ፣ ማመስገን እየተናነቀው።

«በፓምፗ በኩል ነዳጅ በእጄ መገብኳት። ካርቡራተሯ እኔ የጠጋገንኩት አሮጌው ነው፣ ነዳጅ አይዝም። አንዱ እዚህ ቆሞ ካልመገባት ሌላው መሪው ላይ ቢውል አትነሳም። ያለ ሁለት ሰው አትሆንም።»

«ፍስሐስ? ብቻውን አይነዳትም ነበር?»

«በምን አስነስቶ? እኔ እኮ ጁምአ ከመስጊድ ስወጣ በየሳምንቱ የምመጣው ለዚህ ነው። አስነስቼለት እዚሁ መሀል ከተማ ምኒልክ አደባባይን እንዞርና ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን። ስድስት ዓመት። በኋላ በኋላማ» አለና ከይረዲን ድምፁ ተሰበረ፣ «ለመኪናዋ ይሁን ለሱ እንደምመጣ ራሴም ጠፋኝ።»

እነዚህን ሁለት ሰዎች በየሳምንቱ ያገናኘው ቸሩ ራሱ ነበር።

«ሌላ ሰው ለምን አላካችሁም?» አለ፣ «ሌላ ሾፌር ቢፈልግ ያገኘው ነበር።»

«ብዬው ነበር። እምቢ አለ። ‹ቸሩዬ ከፈለገ ድንጋይ ፈልፍሎ ያወጣል፤ እሱ አጣሁ ካለ የለም ማለት ነው፤ ሌላ ሰው ብልክ ምን ይለኛል?› አለ። በዚያው ተውነው።»

ቸሩ አፉን ከፈተ። «አግኝቼው ነበር» ሊል ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ከይረዲን ግን ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቅ ነበር፤ ቸሩም ይህን ለዚህ ሰው መናገር ሸክሙን ከራሱ አውርዶ እሱ ላይ መጫን ሆኖ ታየው። ቃሉን ዋጠው። ቅናቱ አልጠፋም፣ ደረቱ ውስጥ እንዳለ ነው፤ አሁን ግን ከኀፍረት ጋር ተቀላቅሎ ሌላ ነገር ሆኗል።

በዚህ መሀል ከመንገዱ የደረሰ፣ አቧራ የለበሰ ሾፌር ወደ ሸራው መጣ። ከበበው ይባላል፤ ፍስሐ መኪናውን ብዙ ጊዜ ጠግኖለታል፤ ቤተ ዘመዱን ግን አያውቅም። መግቢያው ላይ ያገኘው ከጂፗ የተመለሰውን ቸሩን ነበር።

«ጋላፊ ድንበር ላይ ነው የነገሩኝ» አለ እንባውን እየጠረገ። «ወንድም አለው ሲሉ ሰምቻለሁ። የቱ ነው? ልድረሰው።»

ቸሩ ወደ ጂፗ ዞረ።

«ያ ነው» አለ ከይረዲንን በእጁ እያሳየ። «እዚያ ጂፗ ጋ የቆመው።»

ሰውየው ሄዶ ከይረዲንን አቀፈውና ጮኾ አለቀሰ። ከይረዲን ከእንግዳው ትከሻ በላይ ግራ በተጋባ ዓይን ወደ ቸሩ ተመለከተ። ቸሩ ግን ጎንበስ ብሎ ማንቆርቆሪያና ሳፋ አነሳ። በለቅሶ ቤት የመንገደኛን እጅ የሚያስታጥበው ጎረቤት ነው፤ ሐዘንተኛ ከተቀመጠበት አይነሳም። እሱ ግን ሰውየው አልቅሶ እስኪጨርስ፣ ውሃውን ይዞ ከአጠገባቸው ቆመ።