አልቀመጥም ያሉት ሽማግሌ

በማክሰኝት ዙሪያ ሚስት ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚነሳው የአያ ባዬ ስም ነበር። አንደበታቸው ለስላሳ ነው፤ ቁጣ አያውቁም። ልጄን አልሰጥም ብሎ የማለ አባት እንኳ እሳቸው ፊቱ ቁጭ ብለው ጨዋታ ሲጀምሩ ቀስ በቀስ ይለዝባል። ችግሩ ከ2008 ዓ.ም. መስከረም ወዲህ ቁጭ ማለት አለመቻላቸው ነው።

ነገሩ የጀመረው ገበያ ውስጥ ነው። የጤፍ ጆንያ አህያ ላይ ሲጭኑ ወገባቸው ቀጭ አለና ሕመሙ በቀኝ ዳሌያቸው አድርጎ፣ በባታቸው ወርዶ፣ እስከ እግራቸው ጣት እንደ ጋለ ሽቦ ተዘረጋ። ወጌሻ በቅቤ አሻቸው። ፀበል ገቡ። ሚስታቸው ትኩስ ጨው በጨርቅ ቋጥራ ዳሌያቸው ላይ እያኖረች አስተኛቻቸው። ሕመሙ ግን ሲራመዱ ይተዋቸውና በርጩማ ላይ ገና አረፍ ሲሉ ይነሳል። ልቅሶ ቤት ቆመው የሚያስተዛዝኑ፣ ድግስ ላይ ቆመው የሚበሉ ሰው ሆኑ።

የእህታቸው ልጅ አወቀ ጎንደር ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል። ፒያሳ አካባቢ ወዳለ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ የወሰዳቸው እሱ ነው። ጽጌሬዳ የምትባለው ባለሙያ በጀርባቸው አስተኝታ እግራቸውን ቀጥ እንዳለ ወደ ላይ ስታነሳው አያ ባዬ የአልጋውን ጠርዝ ጨምድደው ያዙ። ዳሌዎ ደህና ነው አለቻቸው፤ የታመመው ከወገብ ተነስቶ በዳሌ በኩል እስከ እግር የሚወርደው ነርቭ ነው፣ ከአከርካሪ አጥንት መውጫው ላይ ተጨምቆ ተቆጥቷል። የሌዘር ብርሃን ቁጣውን ያበርድለታል፤ ዋናው መድኃኒት ግን የማሳይዎት እንቅስቃሴ ነው።

ከዚያ በሆዳቸው አስተኛቻቸው። ጥቁር መነፅር አደረገችላቸውና የሌዘሩን መሣሪያ ወገባቸው ላይ አሳረፈች። አያ ባዬ ጥርሳቸውን ነክሰው የሚያቃጥለውን ነገር ይጠብቁ ጀመር። ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ ምንም የለም።

«ምነው ልጄ፣ አትጀምሪም?» አሉ በመጨረሻ።

«ጨርሻለሁ እኮ አባቴ» አለቻቸው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ቅር ብሏቸው ነበር። የማያቃጥል፣ የማይመር፣ የማይሸት መድኃኒት አይተው አያውቁም፤ በኪስ ባትሪ አብርታ ሸኘችኝ እያሉ ለአወቀ አማረሩ። እንቅስቃሴው ደግሞ ይብስ ነበር። በሆድ ተኝቶ በክርን ተደግፎ ደረትን ቀና ማድረግ፣ ዝቅ ማለት፣ እንደገና ቀና ማድረግ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ እንሽላሊት ልሁን ወይ አሉ። ጽጌሬዳ ግን አልተበገረችላቸውም። ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ እንዳይቀመጡ፣ መኪና ላይ እንዳይቆዩ፣ ሕመሙ ድንገት ሲይዛቸውም የትም ይሁኑ የት በሆዳቸው ተኝተው ያንኑ እንዲያደርጉ አስጠነቀቀቻቸው። እየተመላለሱ ሲታከሙ እንቅልፋቸው ተመለሰ፤ እርምጃቸውም ተስተካከለ። መቀመጥ ብቻ ገና ነበር።

አወቀ ጉዳዩን ያመጣው በዚህ መሀል ነው። አዘዞ ያለች ብርቄ የምትባል ልጅ ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። አባቷ አቶ ዳኛው በጡረታ ያሉ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ከዚህ በፊት ሌሎች ጎረምሶች የላኳቸውን ሽማግሌዎች ደጋግመው በባዶ እጃቸው መልሰዋል። አያ ባዬ የእህታቸውን ልጅ እንዴት እምቢ ይበሉት? ኅዳር ላይ የአጥቢያቸውን ቄስ ወልደኢየሱስን አስከትለው ወደ አዘዞ ወረዱ። ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እስኪነካ ተጠቅጥቀው ነበር የሄዱት። ሲወርዱ እግራቸው ይነድ ነበር።

እንደ ደንቡ ቆመው የመጡበትን ተናገሩ፤ ልጅዎን ለልጃችን አሉ። አቶ ዳኛው ካዳመጡ በኋላ ተቀመጡ አሉ። ቄሱ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። አያ ባዬ ሶፋውን አዩት። ከመለስለሱ የተነሳ ቄሱ እስከ ወገባቸው ሰምጠውበታል።

«ይቀመጡ እንጂ፣ አያ ባዬ።»

«ግድ የለም፣ እንዲህ ይሻለኛል።»

አቶ ዳኛው መልሳቸውን አስቀድመው አዘጋጅተው ነበር። ልጅቱ ትምህርቷን ትጨርስ፣ ከፋሲካ በኋላ መጥታችሁ ጠይቁን አሉ። ልክ ያኔ ሕመሙ ከዳሌያቸው እስከ ተረከዛቸው ጠዘጠዛቸውና አያ ባዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ።

አቶ ዳኛው ደነገጡ። እንዲህ ፊት ለፊት እምቢ የሚል ሽማግሌ አልገጠማቸውም። እንግዲያው ትንሽ እናሳጥረው፣ ከጥምቀት በኋላ ይሁንና ተቀምጠን እንነጋገር አሉ።

«መቀመጡን እንኳ አልችልም፣ አቶ ዳኛው» አሉ አያ ባዬ። እውነታቸውን ነበር።

ጓዳ በር ላይ ያሉት ዘመዶች ተንሾካሾኩ። ሰውየው ልጅቱን ሳይዙ የሚሄዱ አይመስሉም። ነገሩን የሚያውቁት ቄስ ወልደኢየሱስ ለማስረዳት አፋቸውን ሲከፍቱ ብርጭቆ ሙሉ ጠላ ቀረበላቸው፤ ከሶፋው ውስጥ ሆነው ጠላው እንዳይደፋ ሲታገሉ ንግግሩ ቀረ።

ወዲያው የአያ ባዬ እግር ከዳቸው። የጽጌሬዳ ማስጠንቀቂያ ትዝ አላቸውና ቀስ ብለው ምንጣፉ ላይ በሆዳቸው ተኙ። ራሳቸው ያረፈው አቶ ዳኛው እግር ሥር ነበር። በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ፤ ዝቅ አሉ፤ እንደገና ቀና አሉ።

አቶ ዳኛው እግራቸውን ሰብስበው ተነሱ። በዕድሜ የሚበልጣቸው ሽበታም ሰው እግራቸው ሥር ወድቆ ሲሰግድ ማየት አልቻሉም።

«ይነሱ፣ አያ ባዬ። እኔ ማን ነኝና ነው የሚወድቁልኝ?»

«ትንሽ ይታገሡኝ» አሉ አያ ባዬ ፊታቸውን ወደ ምንጣፉ እንዳደረጉ፣ አሁንም ቀና አሉ።

«ሰጥቻለሁ። ልጄን ሰጥቻለሁ፤ ብቻ ይነሱልኝ።»

ከጓዳ እልልታው ቀለጠ። የልጅቱ እናት ወይዘሮ አልማዝ መጥታ አጠገባቸው ተንበረከከችና ነጠላቸውን የምታስተካክል መስላ ጆሯቸው ሥር ተናገረች። «ዳሌዎ ከመሬት እየተነሳ ነው፤ ወደ ታች ይጫኑት።»

አያ ባዬ ዞረው አዩዋት። ዓምና ዳሌዋን አሟት ጽጌሬዳ ዘንድ ታክማ ነበር፤ ገና ሲተኙ ነው የገባት።

«ዝም ይበሉ» አለቻቸው። «ልጅቱ ልጁን ትወደዋለች።»

በመመለሻው መንገድ ቄስ ወልደኢየሱስ ተቆጡ። ትዳር በሐሰት አይጀመርም፤ እውነቱን ሄደው ይንገሯቸው አሉ። አያ ባዬም ኅሊናቸው አላስተኛቸውም። ሽምግልና ተልከው ማንንም አታለው አያውቁም። ከቀለበቱ በፊት ብቻቸውን ተነሱ፤ ከአዘዞ በፊት ባለችው ፀዳ ላይ ከሚኒባሱ ወርደው ወገባቸውን እያፍታቱ እስከ አዘዞ በእግራቸው ሄዱ። አቶ ዳኛውን ደጃፋቸው ላይ አግኝተው ነርቩን፣ ሌዘሩን፣ እንቅስቃሴውን ሳይደብቁ ነገሯቸው። ልጄን አልሰጥም ቢሉ እንደማይፈርዱባቸውም ጨመሩ።

አቶ ዳኛው እስከ መጨረሻው ሰሙና ጠየቁ።

«ታዲያ ያን ቀን እኔን አልለመኑኝም?»

«ልቤስ እየለመነዎት ነበር። ወገቤ ግን የራሱን ጉዳይ ይዞ ነው የወደቀው።»

አቶ ዳኛው የሆዳቸውን አወጡ። ትልቋ ልጃቸው ባሕር ዳር ሆና ማግባቷን በስልክ ነው የነገረቻቸው፤ መካከለኛዋ የሠርጓን ፎቶ ብቻ ላከች። ሽማግሌ የመለሱት ልጅ ላለመስጠት አልነበረም፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሰው በወጉ እንዲለምናቸው ነው። አሁን ደግሞ ሽማግሌ እግራቸው ሥር ወድቆ እንደለመናቸው አዘዞ ሁሉ ሰምቷል፤ እድር ላይ ሲገቡ ሰው ብድግ እያለ ይቀበላቸዋል።

«ይህን ለማን ነገሩ?» አሉ።

«ቄሱ ያውቃሉ። ወይዘሮ አልማዝም ያውቃሉ።»

የሚስታቸውን ስም ሲሰሙ ወደ ቤቱ ዞር አሉ፤ ከዚያ እጃቸውን አወራጩ። «በዚሁ ይቅር፣ አያ ባዬ። ሠርጉ ጥር ላይ ነው።»

አወቀና ብርቄ ጥር ላይ ተጋቡ። አያ ባዬ እስከዚያ ሕክምናቸውን ጨርሰው ድንኳኑ ውስጥ ከአቶ ዳኛው ጎን ተቀምጠው ሸጋ አድርገው በሉ፤ አልፎ አልፎ ብቻ ተነስተው ወጣ ብለው ይመለሱ ነበር።

ወሬው ግን አልቆመም። ከማክሰኝት ወዲያ ያሉ ሽማግሌዎች እምቢተኛ አባት ሲገጥማቸው አያ ባዬ ዘንድ እየመጡ አወዳደቁን ያስተምሩን ማለት ጀመሩ። እሳቸውም መዋሸት አልሆነላቸውምና ፒያሳ ያለች ልጅ ናት ያስተማረችኝ ብለው ይሸኟቸዋል። አንድ ቀን ጽጌሬዳ ዘንድ ሁለት ጤነኛ የሚመስሉ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡና ለሽምግልና የሚሆነውን አተኛኘት አሳዪን አሏት። ምን እንደሚሉ ግራ ገብቷት ለማንኛውም ብላ እግራቸውን እያነሳች መረመረቻቸው። አንደኛው እውነትም ያ ነርቭ የታመመበት ሆኖ ተገኘና ያንኑ ዕለት ሕክምና ጀመረ።