እንቅልፍ የወሰደው ጠባቂ

አስካለ የወንድሟን የዐይን ቆብ በአውራ ጣቷ ገልብጣ ስታይ ፀሐይ ከወጣ ቆይቷል። ከጥበቃ ጎጆው ፊት ለፊት፣ አውድማው ላይ፣ አንድ ጥጃ እስከ ጆሮው ገብስ ውስጥ ገብቷል።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለ ወንድሟ ስማቸው ከእንቅልፉ ባንኖ።

"ብሌንህን እያየሁ። ዝም በል።"

ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እንክብል በሚውጥበት ጊዜ ብሌኑ እንደ መርፌ ጫፍ ይጠብ ነበር። ይህን ሐኪም አላስተማራትም፤ ራሷ አይታ፣ ስልኳ ላይ አንብባ ነው ያወቀችው። አሁንም ጠቧል። ግን ፀሐዩ ፊቱ ላይ ነው። ከብርሃኑ ይሁን ከእንክብሉ፣ መለየት አቃታት።

ስማቸው መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ ወገቡን ሲያመው የለመደውን እንክብል ከተወ ወራት አልፈዋል። እንክብሉ ሲሄድ እንቅልፉንም ይዞት ሄደ። ሰፈሩ ግን አልተጎዳም። ዘንድሮ የማዝሪያ ነፋስ ጠፍቶ የተወቃው ገብስ አውድማ ላይ ሲከርም፣ "መቼም እሱ አይተኛ" ብለው የሁሉንም ምርት አስጠበቁት።

ጎረቤታቸው አያ ዓለምነህ ዱላቸውን እያወዛወዙ ደረሱ። "እህሌን አስበላችሁት! ያ ዐይኑን የማይከድነው ልጅ ዛሬ ምን አስተኛው? ጀምሯል በይኛ!"

"ጥጃው የርስዎ፣ እህሉ የርስዎ። ምን ጎደለብዎ?"

በአፏ ተሟገተችለት እንጂ በሆዷ ያለው ያው ጥያቄ ነበር። ሰውየው ጥጃቸውን እየነዱ ሲርቁ የወንድሟን ኪሶች ፈተሸች። ምንም የለም።

"ማሽኑ ነው፣ እቴ" አላት። "ንፋስ መውጫ ከተማ ጭንቅላቴ ላይ የሚያስሩልኝ።"

"ኤሌክትሪክ እንቅልፍ አመጣልህ? ለመንደሩ አምፖል ያልበቃ መብራት ላንተ ጭንቅላት ተረፈ?"

ግን ቀጠሮው ዛሬ ስለነበር አብራው በባጃጅ ሄደች።

እንክብል ትተው እንቅልፍ ላጡ ሰዎች ማሽኑ ይረዳ እንደሆነ ሊያጠኑ የመጡት ባለሙያዎች በተከራዩት ክፍል ውስጥ ነርሷ ጽዮን ስፖንጅ በጨው ውኃ ነክራ በስማቸው ግንባር ላይ በላስቲክ አሰረች። ከስፖንጁ የወጣው ሽቦ ከትንሽ ሣጥን ጋር ተያይዟል።

"ይኼ ነው ያስተኛው?" አለች አስካለ።

"ሊሆን ይችላል፤ ገና እያጠናን ነው። ለግማሾቹ ታካሚዎች ደካማ ኤሌክትሪክ ይለቃል። ለግማሾቹ ይታሰራል እንጂ አይለቅም። ለማን የትኛው እንደደረሰው እኔም አላውቅም። ሲጀምሩ ነግረናቸዋል።"

"እና ለሱ ባዶው ደርሶት ቢሆንስ? ባዶ ሽቦ ሰው ያስተኛል?"

"አንዳንድ ጊዜ ያስተኛል፤ ታካሚው ካመነበት።"

"እኛ ቤት ሰው ያስተኛው እንክብል ነበር።" አስካለ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። "ሽንቱን ትመረምራላችሁ አይደል? ውጤቱን ንገሪኝ።"

"እሱ ሳይፈቅድ ለማንም አልናገርም።"

ሁለቱም ወደ ስማቸው ዞሩ። የጨው ውኃው በቅንድቡ ላይ ይወርዳል።

"አትንገሪያት" አለ። "ዐይኔን ገለበጠች፣ ኪሴን በረበረች፣ አሁን ደግሞ ሽንቴን! አልዋጥኩም ብያለሁ። ካመነች በኔ ቃል ትመን።"

ንጹሕ ሰው ምን ይደብቃል? አለች አስካለ በልቧ። ድሮም ሲዋሽ ዐይን ዐይኗን እያየ ነበር። ግን ያኔ አይቆጣም፤ "ፈትሺኝ፣ ይኸው" እያለ ይለማመጣት ነበር። ቁጣው አዲስ ነው። አዲስ ውሸትም ሊሆን ይችላል።

ስልኳ ጮኸ። አያ ዓለምነህ ናቸው።

"ሐኪሞቹ ምን አሉ? ዛሬስ ልጁ ይጠብቃል ወይስ ሌላ ሰው እንፈልግ?"

አስካለ ወንድሟን አየችው። ማሽኑ ታስሮለት ዐይኑ ስልም ስልም ይላል።

"እኔ እጠብቃለሁ። እሱ ቤቱ ይተኛል።"

"ምርት ሳይነሣ ሴት አውድማ ስታድር የት ታየ?"

"ማታ ብቅ ይበሉ፣ ያዩኛል።"

ስልኩን ዘጋች።

"አመነችኝ እንዳትል" አለችውና ለሌሊቱ ጥበቃ የባትሪ ድንጋይ ልትገዛ ወጣች።