ዱባይ በአንድ ሰዓት

ስጦታው ቢቸና ማስተማር ከጀመረ አራተኛ ዓመቱ ነው። እናቱ ውቢት ከሞጣ ደውላ፣ "ማርያማዊት ዱባይ ገባች፤ ተመስገን!" ስትለው በረጅሙ ተነፈሰ። ታናሽ እህቱን የወሰዳት ደላላ ከጅምሩ አላማረውም ነበር። ግን ደርሳለች ከተባለ ምን ይላል?

በማግስቱ እረፍት ላይ፣ መምህራን ክፍል ቁጭ ብሎ ሳለ ራሷ ደወለች።

"ጋሼ፣ በሰው ስልክ ነው፤ ቶሎ እንጨርስ።"

"ደህና ነሽ? በረራው አልከበደሽም?"

"ምኑ ይከብዳል! እኔ ሩቅ መስሎኝ ስፈራ። ጭማቂ ሰጡን፤ ጠጥተን ሳንጨርስ ደረሳችሁ ተባልን። አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።"

ሳቀች። እሱም አብሯት ሳቀና መሃል ላይ ቆም አለ። አጠገቡ የነበረችውን መምህርት ባንቺዓለምን፣ "ከአዲስ አበባ ዱባይ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው? እስኪ እይልኝ" አላት በሹክሹክታ። ስልኳን ነካክታ አሳየችው። ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ፤ አራት ሰዓት።



"ማርያማዊት፣ ትኬትሽ ላይ ምን ይላል?"

"ትኬቱም ፓስፖርቱም ሰውዬው ጋ ነው። ሐርጌሳ፣ ሐርጌሳ ሲሉ ሰምቼ ብጠይቀው የአየር ማረፊያው ስም ነው አለኝ። ዛሬ ማታ በመኪና ወደ ባሕሩ ይወስደናል፤ አሠሪዎቻችን እዚያ ናቸው።"

"ስሚኝ፣ እንዳትደነግጪ። ያለሽው ዱባይ አይደለም። ሶማሌላንድ ነሽ። በጀልባ ወደ የመን ሊያሻግራችሁ ነው።"

 በቀጭን ድምፅ፣ "ብዙ ነን እኮ፣ ጋሼ" አለች።

"ሳሙና ልግዛ ብለሽ ውጪ። የአበሻ ምግብ ቤት ጠይቂና ግቢ። መኪናው ላይ እንዳትወጪ!"

"ፓስፖርቴስ?"

"ይቅር!" ብሎ ጮኸ። መምህራኑ ሁሉ ዞሩ። ስልኩ ተቋረጠ፤ መልሶ ቢደውል ዝግ ነው።

ማምሻውን እናቱ ደወለች። "ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ እያለኝ ነው" አለችው። እውነቱን ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ግን "እሰይ፣ እማየ" ብቻ አለ።

በነጋታው ክፍል ውስጥ ሳለ ስልኩ ጠራ። "ወለተ ሥላሴ እባላለሁ፤ ሐርጌሳ ምግብ ቤት አለኝ። እህትህ እኔ ጋ ናት" አለችው አንዲት ሴት። ተማሪዎቹ እያዩት ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

ማርያማዊት በጅግጅጋ በኩል፣ መኪና እየቀያየረች ሞጣ ስትገባ ከስታ ነበር። እናቷ አንገቷን አቅፋ አለቀሰች፤ እሷ ግን አላለቀሰችም። ማንም ሳይጠይቃት፣ ሊቀበላት ከቢቸና ለመጣው ወንድሟ ተናገረች።

"በዛብሽ የምትባል የየጁቤ ልጅ አብራኝ ነበረች። የነገርከኝን ሁሉ ነገርኳት። 'ወንድምሽ እንዳያልፍልሽ ቀንቶ ነው' አለችኝና ቀረች። ባሕሩን ተሻግራ ይሁን ሌላ፣ እስካሁን ወሬዋ የለም።"

"ቤተሰቦቿስ ያውቃሉ?" አላት ስጦታው።

"ወላጆቿ ዱባይ ገብታለች ብለው ነው የተቀመጡት" አለች። "ሄጄ ልንገራቸው። ብቻዬን ግን አልችልም፤ አብረኸኝ ና።"

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱም ወደ የጁቤ ተሳፈሩ።