የእትዬ የሻረግ ቅንድብ

ጡረታ በወጣሁ በወሩ፣ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ገንዳ ውስጥ የአየር ሲሊንደር ተሸክሜ መጥለቅ መማር ጀመርኩ።

አሰልጣኜ ዮአብ ውሃ ውስጥ በእጁ ምልክት "ደህና ነዎት?" ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እንደ ልማዴ ቅንድቤን አነሳለሁ። ያኔ የመጥለቂያ መነጽሩ ከፊቴ ይላቀቅና ውሃ ይሞላል።

"እትዬ የሻረግ፣ በእጅዎ ይመልሱልኝ እንጂ!" አለኝ ከውሃው ብቅ ስንል፣ ለአሥረኛ ጊዜ።

"ስልሳ ዓመት ሙሉ 'አዎ' ያልኩበትን ቅንድብ ልላጨው እንዴ?" ብዬ ጮህኩበት። በማግስቱ ግን ቅንድቤ ላይ ፕላስተር ለጥፌ መጣሁ።

በስድስተኛው ወር ጅቡቲ ሄደን ባሕር ገባን። ሚኒባስ የሚያክል ዓሣ በአጠገባችን አለፈ። ዮአብ ዓይኑ ፈጦ ቀረ።

"ደህና ነህ?" አልኩት በእጄ።

ቅንድቡን አነሳ። መነጽሩን ውሃ ሞላው።