የአባ ጆሮ ኮከቦች

ኮምፒውተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ድርቅ ሲል የመጽሔቱ ገምጋሚ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። አዲሱ የሙዚቃ መቅረጫ ሶፍትዌር ከጠዋት ጀምሮ የቀዳውን ሁሉ ውጦ ዝም ብሏል።

"አልጨረስክም እንዴ?" አለ ዋና አዘጋጁ በሩን ገፋ አድርጎ። "ገጹ አንተን ነው የሚጠብቀው።"

ገጹን ገምጋሚው አይቶታል። አምስት ኮከቦች ከላይ ተደርድረዋል፤ ትይዩው ገጽ ላይ የዚያው ሶፍትዌር ማስታወቂያ ተንጣሏል። የዚህ መጽሔት ወግ እንዲህ ነው፤ ኮከቡን ማስታወቂያ ክፍል ይሰጣል፣ ገምጋሚው ለኮከቡ የሚስማማ ወሬ ይፈልጋል። ዓይንህን ጨፍን ላሞኝህ ማለት ይኸው ነው።

"አይሠራም እኮ አለቃ። የቀዳሁትን በላው።"

"ኮምፒውተርህ አርጅቶ ይሆናል።"

"ትናንት ያንተው ላይ ሞክሬዋለሁ።"

"እንግዲያው በስምህ አትጻፈው። አባ ጆሮ ይጻፈው።"

አባ ጆሮ የሚባል ሰው የለም። ከስሙ ጎን የሚወጣው የጢማም ሽማግሌ ፎቶ ከየት እንደመጣም የሚያውቅ የለም። ጸሐፊዎቹ በስማቸው ለማውጣት የሚያፍሩበት ሙገሳ ሁሉ በአባ ጆሮ ስም ይወጣል፤ አንባቢ ደግሞ ከሁሉም አብልጦ የሚያምነው እሱን ነው። ገምጋሚውም ሥራ ነውና "ድንቅ" ብሎ ጀመረ።

ስልኩ ጮኸ። ቤቷ ውስጥ ልጆች ፒያኖ እያስተማረች የምትተዳደረው ታላቅ እህቱ ናት።

"ስማ፣ ፒያኖውን የሚገዛው ሰውዬ መጥቶ ሳሎን ቁጭ ብሏል። እሱን ሸጬ ያን አዲሱን የሙዚቃ መቅረጫ ሶፍትዌር ልገዛ ነው፤ ማስተማሩን ትቼ ሙዚቃ እየቀረጽኩ እኖራለሁ።"

"እትዬ፣ እንዳትሸጪ! የማይረባ ነገር ነው።"

"አንተ ደሞ ምን የማትጠላው ነገር አለ? ይልቅ አባ ጆሮን ጠይቅልኝ። እዚያው አይደል የሚሠሩት? እሳቸው ጥሩ ነው ካሉ ዓይኔን አላሽም።"

ድምፅዋ ከስልኩ አልፎ ይሰማል። አዘጋጁ ሳቁን አፍኖ፣ "ወደውታል በላት" ሲል አንሾካሾከ።

ገምጋሚውን ያንገሸገሸው ያ ሳቅ ነው። ሰውየው የሚስቀው በእህቱ እንጀራ ላይ ነው።

"አባ ጆሮ እኔ ነኝ" አለ።

"ምን?"

"እኔ ነኝ። አለቃዬም ነው። ተራ ገብተን የምንዋሽበት ስም ነው። አሁንም ልዋሽ ጀምሬ ነበር።"



"እኔን የመሰለች ጅል!" አለች እህቱ። ከዚያ ፊቷን ከስልኩ መልሳ ስትናገር ተሰማ፤ "ይቅርታ ወንድሜ፣ አልሸጥም።"

አዘጋጁ ፊቱ በርበሬ መስሏል። "አብደሃል? ወሬው ነገ ከተማውን ይሞላዋል!"

ገምጋሚው "ድንቅ" የሚለውን አጥፍቶ "ይህን ሶፍትዌር አትግዙ" ብሎ ጻፈ።

"ይሄ በኔ መጽሔት አይወጣም።"

"አውቃለሁ" አለ ገምጋሚው፤ ከጽሑፉም አናት ላይ የራሱን ስም ከነአባቱ አሰፈረ።