የእናት ስም የሚጻፍበት መስመር

፩

የእናት ስም፦ የሺመቤት ተሰማ።

ስህተት ነው። ሐመልማል የምትማርበት ትምህርት ቤት መዝገብ ግን አራት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሲል ኖሯል። ወይዘሮ የሺመቤት የልጅቷ አያት ናቸው።

፪

እናቷ ውባለም ናት። ደሴ ውስጥ አዋላጅ ነርሶችን ታስተምራለች። ኖርዌይ የሁለት ዓመት የትምህርት ዕድል አግኝታለች፤ ጨርሳ ትመለሳለች። ልጅ ይዞ መሄድ ይፈቀዳል። ወረቀቱ እስከ ዓርብ ተሟልቶ መግባት አለበት፤ ከቅጹ ላይ ያልተመለሰች አንዲት ጥያቄ ቀርታለች።

ልጅ አብሮዎት ይጓዛል?

፫

አንባቢዬ፣ እንዲህ ያለ ቤት ሳያውቁ አይቀሩም። አባትየው ልጅቷ ሁለት ዓመት ሳይሞላት በመኪና አደጋ ሞተ። ውባለም ሕፃኗን ለእናቷ ሰጥታ ልትማር ጎንደር ሄደች። ስትመለስ ልጅቷ አፏን ፈትታ ነበር፤ አያቷን «እማዬ»፣ ውባለምን ደግሞ ቤተሰቡ እንደሚጠራት «ውቤ» አለቻት። ማንም አላረማትም። ውባለምም ራሷ እናቷን «እማዬ» ነው የምትለው። እናም በአንድ ቤት ሁለት ሰው አንዲትን ሴት እማዬ እያለ ልጅቷ አሥር ዓመት ሞላት።

፬

«ይዛት ትሂድ» የሚሉ፦ የሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ፤ የነፍስ አባቷ፤ እሷም ራሷ፣ ጠዋት ጠዋት።

«ትታት ትሂድ» የሚሉ፦ የልጅቷ አስተማሪ (ቋንቋውን ሳትለምድ መመለሻዋ ይደርሳል ባይ ናት)፤ እሷም ራሷ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እናቷ ብቻቸውን ምሳ ሲበሉ በሐሳቧ ስታያቸው።

«ጭራሽ አትሂድ» የሚል፦

ማንም።

ይህ ከፋት። አንድ ሰው እንኳ ቢከለክላት ብላ ስትጠብቅ ነበር። ዝርዝሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ለዝርዝር የሚሆን ፋታ አልነበራትም።

፭

ስህተቱ የታወቀው ውባለም ለጉዞው ወረቀት የልጅቷን የውጤት ካርድ ልታስተረጉም ስታወጣው ነው። የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ እንደነገራት ከሆነ፣ እንዲታረም ስማቸው የተጻፈው ሴት በአካል ቀርበው «እናቷ አይደለሁም» ብለው መፈረም አለባቸው። ውባለም ይህን ለእናቷ ለመንገር ሁለት ቀን ፈጀባት። ምን የመሰለች ፈሪ ናት አይበሉ። እርስዎም ቢሆኑ አፍዎ አይታዘዝም።

፮

(የሺመቤት ጡረታ እስኪወጡ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ሠላሳ ዓመት የሰው ወሬ ሲያገናኙ ኖረው የራሳቸውን ማሳጠር ለምደዋል።)

ውባለም፦ ስትመዘገብ አብረሻት ነበርሽ። «እናትሽ ማን ትባላለች?» ሲሏት ያንቺን ስም ስትናገር ለምን አላረምሻትም?

የሺመቤት፦ ደስ አለኝ።

ውባለም፦ ደስ አለሽ?

የሺመቤት፦ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። ኃጢአቴ ይኸው ነው። ነገ ሄጄ እፈርማለሁ።

ውባለም፦ «ይዘሻት ሂጂ» ማለትሽ ነው?

የሺመቤት፦ እሱን አላልኩም። እሱ ያንቺ ፊርማ ነው።

፯

ሐሙስ ጠዋት ሦስቱም መዝገብ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የሺመቤት መነጽራቸውን አድርገው ፈረሙ። ፊርማቸው እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነበር፤ እስክሪብቶውን ከደኑት። ሠራተኛው የድሮውን ስም ሰረዘና፣ ለወጉ ያህል፣ ልጅቷን እንደገና ጠየቃት።

«እናትሽ ማን ትባላለች?»

ሐመልማል አያቷን አየች። አያቷ እንደ ያኔው ዝም አሉ። የዛሬው ዝምታ ግን ደስታ አልነበረበትም። ልጅቷ ወደ ውባለም ዞረች።

«ውቤ፣ ስሙ የሚቀየረው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው?»

፰

የእናት ስም፦

ልጅ አብሮዎት ይጓዛል?

ውባለም፦ (እናቷ የከደኑትን እስክሪብቶ ከፈተች።)