ለምን አትቀይደውም?

ልብስ ሰፊዋ አባቷን ከገጠር ካመጣቻቸው ወዲህ ሽማግሌው የሚያጫውታቸው ጠፍቶ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይውሉ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን በቅሎ ሲነዱ ለኖሩ ሰው የክርና የመርፌ ወሬ አይጥማቸውም።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ባለጋሪ ለሦስተኛ ጊዜ የጠፋበትን ፈረስ ላብ በላብ ሆኖ እየጎተተ ሲመለስ አዩት።

«አንተ ሰው፣ ለምን አትቀይደውም?»

«ምን አሉኝ አባባ?»

«ቀይደው እንጂ! ቀይድ አታውቅም እንዴ?»

ባለጋሪው ግራ ገብቶት ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ። እሷ ቃሉን ከሰማችው ሃያ ዓመት አልፏት ነበርና በደስታ ሳቀች። አባቷ ከእሷ ወፍራም ጥብጣብ ተቀብለው በርከክ አሉ። ፈረሱ ቀስ እያለ እንዲግጥ፣ ርቆ ግን እንዳይሄድ፣ ሁለቱን የፊት እግሮቹን ላላ አድርገው አያይዘው አሰሩለት።

«ቀይድ ማለት ይኸው ነው» አሉ ቀና ብለው።

ከዚያ ወዲህ ባለጋሪው ከሥራ በተመለሰ ቁጥር «አባባ፣ ይቀይዱልኝ!» እያለ ይጣራል። ማሰሩን ራሱ ከለመደው ሰነባብቷል። ልብስ ሰፊዋ ይህን ብታውቅም ትንፍሽ አላለችም፤ አባቷ ስማቸው ሲጠራ ከጎረምሳ ፈጥነው ሲነሡ እያየች እንዴት ትናገር?